የእኛ ቤት፣ ገጽ ስልሳ አራት

እስቲ አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። ስለ ጓዳችሁ፣ ከቤተሰብ በስተቀር ማንም ስለማያውቀው ዕቃችሁ፣ የማታውቁት ሰው አደባባይ ላይ ጮክ ብሎ ሲያነብ ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? ካልሰማችሁ እሰየው፣ አይድረስባችሁ። በአንዲት ሴት ላይ ግን ደርሷል፣ እሱን ልንገራችሁ። ማክሰኞ ጠዋት ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ፣ ፎቶ ኮፒ ቤት ውስጥ ነው የደረሰው።

ሴትዮዋን ሰፈሩ የቲቸር ሚስት ነው የሚላት። ባሏ ሠላሳ አንድ ዓመት እንግሊዝኛ አስተምሮ ጡረታ የወጣ ሰው ስለሆነ ጎረቤቱም ባለሱቁም ቲቸር ይለዋል፤ እሷም ከሰው ጋር ስትል ስትል ለምዶባት ቲቸር ነው የምትለው። ያን ቀን ከቤት የወጣችው ለሁለት ጉዳይ ነው፤ የጡረታ ደብተሩን ፎቶ ኮፒ ለማስነሳትና የዓይኑን ጠብታ ለመግዛት። የቲቸር ዓይን በዓይን ግፊት ምክንያት ከሄደ አራት ዓመት ሊሆነው ነው፤ ጥላ ቢጤ ብቻ ነው የሚታየው፣ ያም እንዳይጠፋ ነው ጠብታው። ኮፒ ቤቱ ከመጥበቡ የተነሳ አንዱ ሲገባ ሌላው ጎኑን ያዞራል። አንድ ማሽን፣ አንድ ባንኮኒ፣ ግድግዳው ላይ በክር የተንጠለጠለ እስክሪብቶ፣ ከበሩ በስተግራ የመማሪያ መጽሐፍ የሞላ የብረት መደርደሪያ። ማሽኑ ትኩስ አየር ይተፋል። ከፊቷ ስድስት ሰው ነበር፣ እሷም ደብተሯን ደረቷ ላይ አስደግፋ ቆመች። መደርደሪያው ሥር ዩኒፎርም የለበሱ ሁለት ልጃገረዶች አንድ መጽሐፍ ለሁለት ይዘው ለእንግሊዝኛ ፈተና ይጠያየቃሉ።

"ኪፕ" አለች አንደኛዋ። "ቁጥር አንድ?"

"ማስቀመጥ።"

"ምሳሌውን ተርጉሚዋ! ፈተና ላይ እሱ ነው የሚመጣው።"

"እሺ ቆይ... ሚስቴ የወለቀ የሸሚዝ ቁልፍ ሁሉ በወተት ቆርቆሮ ውስጥ ታስቀምጣለች።"

"ጎበዝ። ቁጥር ሁለት?"

"ሳያቋርጡ መቀጠል። በሠርጋችን ቀን ጣሪያው ሲያፈስብን ሚስቴ ዝም ብላ መሳቋን ቀጠለች።"

"ሦስት?"

"ቃል መጠበቅ። አማቴ ቃላቸውን ጠበቁ፣ አልጋውን በጋሪ ላኩልን።" ልጅቱ መጽሐፉን ጥላ ሳቀች። "ኧረ ይሄ ሰውዬ! ሁሉም ነገር ሚስቴ፣ ሚስቴ። ይፈራታል መሰለኝ!"

የቲቸር ሚስት ወደ ልጃገረዶቹ ዞረች። የወተት ቆርቆሮው ያለው እሷ ቤት ነው፣ ከቁም ሳጥኑ ላይ፣ የላሟ ሥዕል ግማሹ ተፍቆ። ውስጡ ያለውን ቁልፍ አንድ በአንድ ታውቀዋለች፣ የማን ሸሚዝ እንደነበረ ጭምር። በሠርጓ ቀን ጣሪያው ያፈሰሰውም በሷ ራስ ላይ ነው። አልጋውን በጋሪ የላኩት ደግሞ ነፍሳቸውን ይማርና አባቷ ናቸው፤ አንዱ እግሩ መንገድ ላይ ተሰብሮ እስከ ዛሬ በጡብ ነው የተደገፈው። ይሄ ሁሉ ከሰው አፍ ሲወጣ፣ ያውም ከማታውቀው ልጅ አፍ፣ ልብሷን ገፈው ያቆሟት ነው የመሰላት። "እስቲ ልጆቼ፣ ሽፋኑን አሳዩኝ" አለች። እንግሊዝኛ አታነብም፤ አማርኛውን ግን አሳምራ ታነባለች። ከላይ "አንድ ቃል፣ ብዙ ትርጉም" ይላል። ከሥሩ የልጇ ስም አለ፣ ቀጥሎ የባሏ ስም፣ ያው እንደማንኛውም ሰው የልጅ ስም ቀድሞ የአባት ስም እንደሚከተለው። ገለበጠችው። ከኋላው ልጇ፣ ቤት ውስጥ ማሙሽ የሚሉት፣ ከረባት አስሮ ፈገግ ብሏል።

"ያውቁታል እንዴ እማማ?" አለች ሳቂታዋ።

"አዎ።"

"ሚስቱንስ?"

"ሚስት የለውም።"

ልጃገረዶቹ ተያዩ። "ታዲያ ይሄ ሁሉ ሚስቴ የሚለው?"

"እሱን ጠይቄ እነግራችኋለሁ" አለቻቸው። መጽሐፉ ሦስት መቶ ሃምሳ ብር ነው። ለጠብታው የያዘችውን አውጥታ ከፈለች፤ ባለሱቁ "ለልጅ ልጅ ነው?" ቢላት እንዳልሰማ ሆና ወጣች። የጡረታ ደብተሩን ኮፒ ሳታስነሳ መሄዷ ትዝ ያላት አውቶቡስ ፌርማታው ጋ ስትደርስ ነው።

እዚህ ጋ ስለ መጽሐፉ ትንሽ ካልነገርኳችሁ ነገሩ አይገባችሁም። ቲቸርን በማስተማር ዘመኑ ሁሉ የሚያናድደው ነገር፣ ተማሪዎቹ ለአንድ የእንግሊዝኛ ቃል አንድ ትርጉም ይይዙና እሱን ሙጭጭ ማለታቸው ነው። "ራን" ሮጠ ነው ካሉ አለቀ፤ አፍንጫውንም፣ ከጨርቅ የሚለቀውን ቀለምም፣ ሱቅ የሚያስተዳድረውንም ሰውዬ ሁሉንም ያስሮጡታል። "ቃል ብቻውን ሲቆም ማን እንደሆነ አይታወቅም፣ ከማን ጋር እንደቆመ እዩ" ይላቸው ነበር። እናም አንድ ቀን ደብተር ገዛና ጀመረ። አንድ ቃል አንድ ገጽ፣ ትርጉሙ በተራ ቁጥር፣ ለእያንዳንዱ ትርጉም አንድ ምሳሌ። ምሳሌው ግን የግድ የሆነ ነገር መሆን አለበት። ይሄ የማይፈርስ ሕጉ ነው። ክፍል ውስጥም ተማሪ ተነስቶ "ትናንት አንበሳ አየሁ" ብሎ ዓረፍተ ነገር ከሠራ "የት? በስንት ሰዓት?" ይለዋል፣ ክፍሉ በሳቅ ይሞላል። ያልሆነ ነገር በእንግሊዝኛ ስለተጻፈ ውሸትነቱ አይቀርም ባይ ነው። ችግሩ ምን መሰላችሁ፣ ቲቸር የሆነውን ነገር አያስታውስም። ቃል ይይዛል፣ ቀን አይዝም። ማን መቼ እንደታመመ፣ የትኛው ብርጭቆ በማን እጅ እንደተሰበረ፣ ጎረቤት ተበድሮ ምን እንደመለሰና ምን እንዳስቀረ የምትይዘው እሷ ናት። ስለዚህ ሃያ ዓመት ሙሉ እራት ከተበላ በኋላ እሷ ሰሃን ታጥባለች፣ እሱ ማድቤቱ በር ላይ ወንበር ያስቀምጥና "ብሬክ፣ ቁጥር ሦስት፣ ሕግ ማፍረስ። ምን አለን?" ይላታል። እሷም እጇ አረፋ ውስጥ እንዳለ "ያቺ አስተማሪ እርጉዝ ሆና ወንበር ላይ ተቀምጣ ያስተማረች ጊዜ ዳይሬክተሩ ሕግ አፈረሽ አላት" ትለዋለች። እሱ በእንግሊዝኛ ይጽፋል። እንዲህ እንዲህ እያለ ደብተሩ አሥራ አንድ ሆነ፣ ሁሉም በሰማያዊ ፕላስቲክ የተሸፈነ። አቧራውን በየሳምንቱ የምታራግፈው እሷ ናት። ውስጡ የተጻፈውን አንዱንም ማንበብ አትችልም፤ የተጻፈውን ግን ሁሉንም ታውቃለች።

ዓይኑ ከሄደ ከዓመት በላይ ሲሆነው ማሙሽ መጣና "አባባ፣ በኮምፒውተር ላስተይብልህ" ብሎ ደብተሮቹን በሻንጣ ወሰደ። ይሄ ሁለት ዓመት አልፎታል። ቲቸር በየእሁዱ ስልክ ላይ "የት ደረሰ?" ይላል፣ ማሙሽ "እየተተየበ ነው አባባ፣ ትንሽ ነው የቀረው" ይላል። ሁለት ዓመት ሙሉ ትንሽ ነው የቀረው።

ፌርማታው አግዳሚ ላይ ተቀምጣ ለሴት ልጇ ደወለች። ሴቷ ልጅ ባለትዳር ናት፣ ሩቅ ነው የምትኖረው፣ ቀጥተኛ ልጅ ናት። እናቷ "ዛሬ አንድ መጽሐፍ አይቼ..." ብላ ሳትጨርስ ልጅቷ አቋረጠቻት። "አየሽው?" አለች።

"አንቺ መቼ አየሽው?"

"ሦስት ወር ሆኖኛል። እማ፣ ስሚኝ፣ ለአባባ ባትነግሪው ይሻላል። ምን ይጠቅመዋል? አያየው።"

"አያየው ማለትሽ..."

"ማለቴ ሐዘን ነው የምትጨምሪበት። ማሙሽም በክፋት አይመስለኝም። ተይው በቃ።"

"እሺ። ልጆቹ ደህና ናቸው?"

"ደህና ናቸው።"

ስልኩ ተዘጋ፣ አውቶቡሱ መጥቶ ሄደ፣ እሷ ተቀምጣለች። አምላኬ ሆይ ብላ ጀመረችና ምን ብላ እንደምትለምነው ግራ ገባት። ልጄን ቅጣልኝ አይባል፣ ባሌን አታሳውቅብኝ አይባል። መጨረሻ ላይ "አፌን ጠብቅልኝ" አለችና ተነሳች።

ቤት ስትገባ ቲቸር እንደወትሮው መስኮቱ ሥር ጠረጴዛው ላይ አጎንብሷል። ዓይኑ ከጠፋ በኋላም መጻፉን አላቆመም። እሷ የመድኃኒት ካርቶን ቀድዳ መስመር የምታህል ቀዳዳ አበጅታለታለች፤ ካርቶኑን ወረቀቱ ላይ ያስቀምጥና በቀዳዳው ውስጥ በወፍራም ማርከር ይጽፋል፣ መስመሩ ሲያልቅ ካርቶኑን በጣት ስፋት ወደ ታች ያወርዳል። አንዳንዴ ማውረዱን ይረሳና መስመር በመስመር ላይ ይደራርባል። ያኔ እሷ ከማድቤት "ቲቸር፣ ወርደህ ጻፍ" ትለዋለች። ቦርሳዋን በሩ ጀርባ ሰቀለች፣ መጽሐፉ ውስጡ ነው። ከብዶ ሚስማሩን ሲያጎብጠው አየች።

"መጣሽ? ጠዋቱን ሙሉ ስጠብቅሽ። ሆልድ የሚለው ቃል ላይ ነኝ። አምስት ትርጉም አለው፣ አንዱንም አልሞላሁ። ጠብታዬን አገኘሽ?"

"ነገ አመጣለሁ።"

"ነገ ይሁን። ቁጥር አንድ፣ በእጅ መያዝ፣ ማቀፍ። ምን አለን?"

ሻርፗን አወለቀች፣ አጣጠፈች፣ መልሳ ዘረጋችው። ከአፏ የወጣው ግን የምታስበው ነገር አልነበረም፣ ወይም ምናልባት እሱው ነበር። "ማሙሽ ሲወለድ ለማቀፍ ፈራህ" አለች። "ሁለት ቀን እጅህን ኪስህ ውስጥ ከተህ ነው የዞርከው። ነርሷ፣ 'ሰውዬ፣ ልጁ አይናከስም' አለችህ።"

ቲቸር ትከሻው እስኪንቀጠቀጥ ሳቀ። "እውነት ነው! እውነት ነው፣ ረስቼው!" ካርቶኑን አስተካከለና መጻፍ ጀመረ። ማርከሩ ወረቀቱ ላይ ሲጮህ ይሰማል። እሷ ምሳ ልታሞቅ ገባች፣ ምድጃውን ለኮሰች፣ ድስቱን ጣደች፣ ድስቱ ውስጥ ምንም እንደሌለ ያወቀችው ጠረን ሲወጣ ነው። ወጡን ገልብጣ አሞቀችና በሉ። ቲቸር እያኘከ "ይሄም ለማሙሽ ይላክለታ፣ ትየባው ሳይዘጋ" አለ። "ሲያልቅ የመጀመሪያውን ለትምህርት ቤቱ ቤተ መጻሕፍት ነው የምሰጠው። አንቺ ነሽ የምትወስጂኝ። ጫማዬን ግን ቀለም ቀቢልኝ።" እሷ ውሃ ቀዳችለት፣ ብርጭቆውን እጁ ላይ አስያዘችው። የቀሩት አራት ትርጉሞች ከምሳ በኋላ ይሞላሉ ተባለና ሦስቱ ተሞሉ፤ ባልዲው አሥር ሊትር መያዙ፣ የሰፈሩ ስብሰባ ዛፍ ሥር መደረጉ፣ እሷ ክሊኒክ ደውላ "መስመር ላይ ይጠብቁ" ተብላ ጎመኑ አርሮ ቤቱ በጭስ እስኪሞላ መጠበቋ። አምስተኛው ትንፋሽ መያዝ ነው። ለሱ ሁለቱም ምንም አላገኙም፣ ክፍት ተተወ። ቲቸር አጋደም ሲል ቦርሳዋን አንስታ ወጣች።

የማሙሽ የቋንቋ ማሰልጠኛ ፎቅ ላይ ነው፣ ሦስተኛ። ሊፍቱ "ተበላሽቷል" የሚል ወረቀት ከተለጠፈበት ቆይቷል፣ ወረቀቱ ራሱ ቢጫ ሆኗል። በየፎቁ አረፍ እያለች ወጣች። መግቢያው ላይ ከበሩ የሚበልጥ ፖስተር ተሰቅሏል፣ መጽሐፉ፣ ጎኑ ማሙሽ። ጥፍሯን ቀይ የተቀባች ጸሐፊ "ለምዝገባ ነው?" አለቻት።

"ማሙሽን ፈልጌ ነው።"

"ማንን?"

"ዳይሬክተራችሁን።"

"ስብሰባ ላይ ናቸው። ማን ልበል?"

"እናቱ ነኝ በይው።"

ጸሐፊዋ ከወንበሯ ተነሳች። ማሙሽ ራሱ ነው እየሮጠ የወጣው፣ "እማ፣ ምነው፣ አባባ ደህና ነው?" እያለ። አርባ ሊሞላው ሁለት ዓመት የቀረው ሰው ነው፣ ቦርጭ ጀምሮታል፣ ሲደነግጥ ግን ያው ጆሮው ነው የሚቀላው። ወደ ቢሮው አስገባትና በሩን ዘጋ። ቢሮው ውስጥ የሚሽከረከር ወንበር፣ በመስታወት የተሸፈነ ጠረጴዛ፣ በካርቶን የታሰረ መጽሐፍ እስከ መስኮቱ። እሷ "ተቀመጥ" አለችው፣ በገዛ ቢሮው፣ እሱም ተቀመጠ። መጽሐፉን ከቦርሳዋ አውጥታ መስታወቱ ላይ አስቀመጠችና እጇን አጣመረች። ማሙሽ መጽሐፉን አየ፣ መስኮቱን አየ፣ እስክሪብቶ አንስቶ ክዳኑን ከፈተ፣ ዘጋ።

"ልነግራችሁ ነበር።"

"መቼ?"

"ቀኑ አልመች እያለኝ ነው እማ። አሳታሚው ነው የጡረተኛ መጽሐፍ አይሸጥም ያለኝ። ሰው ማን ጻፈው ብሎ ነው የሚገዛው። እኔ ዲግሪ አለኝ፣ ማሰልጠኛ አለኝ። ደሞ ደብተሩ እንዳለ እኮ አልታተመም። ስምንት ወር ዓይኔን አሳክኮኝ ቃል በቃል ለቅሜዋለሁ፤ መጨረሻ አካባቢ መስመሩ እየተደራረበ፣ አንዳንዱን በመብራት ይዤ ነው ያነበብኩት።"

"ለፍተሃል። እሱን አልክድም።"

"የአባባም ስም አለ እኮ። ይኸውና፣ ከኔ ቀጥሎ።"

"እሱማ ከተወለድክ ጀምሮ ካንተ ቀጥሎ ነው ያለው። ለመጽሐፉ ብለህ ምን ጨመርክበት?"

ማሙሽ እስክሪብቶውን አስቀመጠ። ከታች የመኪና ጥሩምባ ይሰማል። እሷ መጽሐፉን ወደሱ ገፋ አደረገችው። "ልጃገረዶች እያነበቡ ሲስቁብህ ሰማሁ። ሁሉም ነገር ሚስቴ፣ ሚስቴ ይላል እያሉ፤ አንተ ደግሞ ሚስት የለህም። ቢያንስ እሱን ለምን አላጠፋኸውም?"

ማሙሽ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብሎ አያት። "በምን እተካዋለሁ?" አለ። ድምፁ ዝቅ ብሏል። "ሞክሬ ነበር። ኪፕ ላይ ሦስት ቀን ተቀመጥኩ። 'ዮሐንስ መጽሐፉን ያስቀምጣል' ብዬ ጻፍኩ። ዮሐንስ የሚባል ሰው እንኳ አላውቅም። እንደናንተ ዓይነት ምሳሌ ከየት አመጣለሁ እማ?"

ልትቆጣ መጥታ አዘነችለት። የእናት ነገር ያው ታውቁታላችሁ። ብቻ ሳትለሳለስ ቦርሳዋን አንጠለጠለች። "ዛሬ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ቤት ትመጣለህ። መጽሐፉን ራስህ ለአባትህ ታነብለታለህ።"

"ዛሬ እኮ የማታ ክፍል..."

"አሥራ አንድ ሰዓት" አለችና ወጣች።

አሥራ አንድ ከሩብ ላይ መጣ። ብርቱካን በፌስታል ይዟል፣ ከረባቱን አውልቋል። ቲቸር ድምፁን ሲሰማ ወንበሩን ገፍቶ ተነሳ፣ "ማሙሽ! በሥራ ቀን? ምን ተገኘ?" እያለ እጁን ወደ ድምፁ ዘረጋ። ማሙሽ እጁን ያዘና መጽሐፉን መዳፉ ላይ አስቀመጠለት። "ደረሰ አባባ" አለ። ቲቸር ወዲያው አልገባውም ነበር። ጠርዙን በአውራ ጣቱ ፈተሸ፣ ውፍረቱን ለካ፣ አፍንጫው ሥር አስጠግቶ አሸተተው። "አሥራ አንዱም ደብተር?" "አሥራ አንዱም።" "ገጹ ቁጥር አለው?" "አለው አባባ።" ቲቸር ተቀመጠ፣ መጽሐፉን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ዳበሰው፣ ዳበሰው። እሷ የማድቤቱ በር ላይ በፎጣ እጇን ትጠርጋለች፤ እጇ ደርቋል፣ እሷ ግን መጥረጓን አልተወችም።

"ኪፕን አንብብልኝ" አለ ቲቸር። ማሙሽ ገጽ ስልሳ አራትን ገልጦ አነበበ። በእንግሊዝኛ ነው፣ እሷ ቃሉን አታውቀውም፣ ግን የትኛው ዓረፍተ ነገር ላይ እንደደረሰ ከባሏ ከንፈር ታነባለች፤ ቀድሞት ነው የሚንቀሳቀሰው። እዚህ ጋ ቆርቆሮው ነው። እዚህ ጋ ጣሪያው። አልጋው ጋ ሲደርስ ቲቸር "በጋሪ!" አለና ጭኑን መታ። የልጁ ድምፅ ያማረ ነው፣ የአስተማሪ ድምፅ፣ ከአባቱ ነው የወሰደው። ለትንሽ ጊዜ ቤቱ ደህና ቤት መሰለ።

"ኧረ ቸኩዬ ነው፣ ከሽፋኑ ነበር መጀመር የነበረብን። ሽፋኑ ላይ ምን ይላል?"

ማሙሽ መጽሐፉን ዘጋ። እናቱን አያት፣ ጆሮው ቀልቷል። "'አንድ ቃል፣ ብዙ ትርጉም'" ብሎ አነበበ። "አዘጋጅ፣ መምህር..." አለና የአባቱን ስም ጠራ፣ የአያቱን ስም አስከተለ። እንዲያ የሚል ሽፋኑ ላይ የለም። ቲቸር አፉን በእጁ ሸፈነ። የማያየው ዓይኑ ሞላ። ከዚያ ወደ ማድቤቱ ዞሮ፣ "ሰማሽ፣ አንቺ?" አላት። "ነገ ትምህርት ቤቱ እንሄዳለን። ጫማዬን።"

እንግዲህ ልብ በሉ። "ሰማሁ" ብትል ያልቅ ነበር፣ ሰምታለችና። የልጇ ዓይን እየለመናት ነው፣ ሴቷ ልጅም ተይው ብላለች፣ ባሏ ደግሞ እንዲህ ደስ ብሎት ካየችው ስንት ዘመኗ። ነገ ግን ቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ አንዱ ሽፋኑን አይቶ ዝም ይላል፣ ሌላው በርኅራኄ "እንኳን ደስ ያለህ ቲቸር" ይላል፣ እሱ መሐላቸው ቆሞ ፈገግ ይላል። "የት? በስንት ሰዓት?" እያለ ሠላሳ አንድ ዓመት ያስተማረ ሰው። አፌን ጠብቅልኝ ብላ ጠዋት ለምና ነበር። እንድትዘጋው ይሁን እንድትከፍተው ያኔም አልለየችውም። ትንፋሿን ይዛ ቆየችና፣

"ማሙሽ፣ እንዳለ አንብብለት" አለች።

"ምን ማለትሽ ነው?" አለ ቲቸር።

"እንዳለ ያንብብልህ።"

የጎረቤት ሬዲዮ ዜና ያወራል። ማሙሽ ስም ሲጠራ እንደሚነሳ ተማሪ ቀጥ ብሎ ቆመና የራሱን ስም አነበበ፣ ቀጥሎ የአባቱን። ሌላ ምንም የለም። ቲቸር ጭንቅላቱን ዘንበል አድርጎ ቆየ፣ የተማሪን ስህተት ሲሰማ እንደሚያደርገው፣ ምናልባት ራሱ ያርመው እንደሆነ ብሎ እንደሚጠብቀው። ማሙሽ አላረመም።

"የኔ ከኋላ ነው" አለ ቲቸር።

"አዎ አባባ።"

"የእናትህስ?"

"እ?"

"የእናትህ ስም የት ጋ ነው? የመጀመሪያው ደብተር፣ የመጀመሪያው ገጽ ላይ በቀይ እስክሪብቶ ጽፌዋለሁ። እነዚህ ምሳሌዎች በሙሉ የሚስቴ ናቸው፣ እኔ የተረጎምኩ ነኝ ብዬ፣ ሙሉ ስሟን ከነአባቷ። እሱን አላየኸውም?"

ማሙሽ "መግቢያውን... አላስገባሁትም" አለ። ከዚያ በኋላ ምን እንዳለ እሷ አልሰማችም። ያንን ደብተር ሃያ ዓመት አቧራውን አራግፋለች። ስትገልጠው መጀመሪያው ገጽ ላይ ቀይ የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ታያለች፣ ርዕስ ነው ብላ ታልፋለች። ለካ ስሟ ኖሯል። ያገኘችውም የጠፋባትም በአንድ አፍታ ነው።

ማሙሽ "ለሁለተኛው እትም አስተካክላለሁ" እያለ ወጣ። ሁለተኛ እትም ይኑር አይኑር ማንም አልጠየቀውም። ብርቱካኑ ጠረጴዛው ላይ ቀረ። ቲቸር መጽሐፉን ዘረጋላትና "ከቆርቆሮው ጋር አስቀምጪው" አላት፣ ቁም ሳጥኑ ላይ አወጣችው። መብራት ሳይበራ እራት በሉ። እሷ ሰሃን ልታጥብ ቆመች፣ ወንበሩ ማድቤቱ በር ላይ እስኪቀመጥ ጆሮዋን ጣለች። አልተቀመጠም። ሦስት ሰሃን፣ ሁለት ብርጭቆ፣ ድስቱ። ስታጥብ እንዲህ ጸጥ ብሎባት አያውቅም፣ ውሃው ጮኸባት። መጨረሻ ላይ ራሷ ጀመረች።

"ቲቸር፣ ሆልድ ቁጥር አምስት ቀርቶብሃል። ትንፋሽ መያዝ።"

ድስቱን አፉን ደፍታ አስቀመጠች።

"ማሙሽ ሲያነብ ትንፋሼን ይዤ ነበር። የሆነ ነገር ነው፣ ዛሬ፣ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ።"

"እውነት ነው" አለ ከጨለማው ውስጥ። "ይበቃል ግን።" ወደ ሳሎኑ ስትወጣ ካርቶኑን እጁ ላይ አየችው፣ ያንን መስመር የቀደደችለትን። ለሁለት አጥፎታል። ማርከሩ ክዳኑ ተከፍቶ ጠረጴዛው ላይ እየደረቀ ነው።

ይሄው ነው። እኔ ከናንተ የምለምነው አንድ ነገር ብቻ ነው። መጽሐፉ በየጽሕፈት መሣሪያ ሱቁ አለ፤ ምናልባትም ልጃችሁ ለፈተና ገዝቶት እናንተም ቤት ይኖራል። ገጽ ስልሳ አራትን ስታገኙት፣ እባካችሁ ቀስ ብላችሁ አንብቡት። ሰው ቤት ነው የገባችሁት።